ደቻቱ ባሕር አይገባም

አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ቤዛን ይዤ አልመጣሁም። ከድሬዳዋ ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። በነዚህ ሁለት ሳምንታት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ወፍጮ ቤት ያገኘኝ ሁሉ «ልጅቷስ?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከምመልስ፣ የሄድኩበትን መንገድ በየቀኑ ከፋፍዬ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ይህን ደብተር ጀመርኩ። ድሬዳዋን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩ የደብረ ብርሃን ሰዎች የተጻፈ ነው። ከዚህ የተለየ ነገር የሚያወራ ካለ እሱ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ።

ለማያውቁኝ፣ ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ቤዛ የወንድሜ የጌታቸው ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች በኋላ እኔ ዘንድ አደገች። ኮምፒውተር ተምራ ተመረቀችና ድሬዳዋ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ይዛ ሄደች። ባለፈው ዓመት ሥራውን ተወች። አባቷ በስልክ «ታዲያ ምን እየሠራሽ ነው?» ሲላት «ጨዋታ እየሠራሁ ነው» ብላ መለሰችለት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰላም አጣ። እኛ ዘንድ ጨዋታ ይጫወቱታል እንጂ አይሠሩትም።

ጌታቸው ከበሬሳ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ቁርስ ቤት እንዳለው ታውቃላችሁ። ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሞ «እትዬ፣ አንቺ ካልሄድሽ አትመጣም። ስትመለሺ ሁለት ትኬት ቁረጪና ይዘሻት ነይ» አለኝ። እኔም ይዣት ልመጣ ነው የሄድኩት። ይህን አልደብቅም።

ማክሰኞ

ጠዋት በሚኒባስ ከደብረ ብርሃን ወጣሁ። ብርዱ እጅ ያደነዝዝ ስለነበር ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ነበር። የያዝኩት አንድ ሻንጣ፣ በሶ፣ ደግሞም ለቤዛ ብዬ በክዳን ዕቃ የሞላሁት ለጋ ቅቤ ነው። ቅቤውን በሁለት ፌስታል ጠቅልዬዋለሁ። በደብረ ብርሃን ብርድ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ስለነበር ይፈሳል ብዬ አላሰብኩም።

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ልደር ብል ከመናኸሪያው ሩቅ ነው። ስለዚህ እዚያው አጠገብ አልጋ ያዝኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ውሃ ግን የለም። አስተናጋጇ አፍራ አንገቷን ደፋችና ወጥታ አንድ ሃይላንድ ሙሉ ውሃ ይዛ መጣች። «ለፊትዎና ለእግርዎ ይበቃል፤ እኔ የምጠጣውን ነው ያመጣሁት» አለችኝ። የእኛ አገር ሆቴል ቢሆን «ውሃ የለም» ተብሎ በር ይዘጋ ነበር።

ሃይላንድ ስል የፕላስቲክ ጠርሙሱን ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራው። ይህን ቃል ያዙልኝ።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ የሚሸጥ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ ነው። ገና ከከተማ ሳንወጣ «አንቺ፣ መስኮቱን ክፈቺው አቦ!» አለኝ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። የማያውቀኝ ሰው «አንቺ» ካለኝ ስንት ጊዜው! መስኮቱን አልከፈትኩም። ትንሽ ቆይቶ ከቴምሩ ከፍሎ ሰጠኝ፤ «ብዪ፣ አኩርፈሽ ድሬ አትገቢም» አለና ሳቀ። በኋላ እንደተረዳሁት ድሬዳዋ ላይ አንቱ የሚባል ነገር የለም። ለልጅም ለሽማግሌም፣ ለሹምም ለሎሌም ያው አንተና አንቺ ነው።

መተሐራ ስንደርስ መንገዱ ሐይቁን ታኮ ያልፋል። ውሃው እስከ አስፋልቱ ደርሷል። ከዚያ ወዲያ ያሉት የግራር ዛፎች ጥቁርና ሰማያዊ ፌስታል ለብሰዋል። እሾሁ አንዴ ከያዘው አይለቀውም። ከሩቅ ላየው አበባ ነው የሚመስለው። ሰዉ ውሃውን እየጠጣ ሃይላንዱን በመስኮት ይጥላል። ጢመ ቀዩም ጣለ። እኔም ጣልኩ። የጻፍኩት እንዲቆጠርብኝ ነው።

ምሳ አሰበ ተፈሪ በላን፤ የጾም ቀን ስለሆነ ሽሮ። እስከ ቁልቢ ድረስ አገሩ እንደ እኛው ቀዝቃዛ፣ ማሽላውም ያማረ ነው። ደንገጎ ላይ መንገዱ ቁልቁል መጠማዘዝ ሲጀምር ግን ሌላ ዓለም ነው። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ሙቀቱ ይጨምራል። ሰዉ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ። እኔም አንዱን ሹራብ አወለቅኩ፤ ሁለተኛውን አወለቅኩ። ከዚያ ጭኔ ላይ የሆነ ነገር ሞቀኝ። ቅቤው ቀልጧል! ክዳኑን አልፎ፣ ሁለቱን ፌስታል አልፎ ቀሚሴ ላይ እየወረደ ነው።

ጢመ ቀዩ ተገልብጦ እስኪስቅ ሳቀ። «ወላሂ፣ ድሬ የገባሽው ተቀብተሽ ነው! ሙሽራ ነሽ!» አለኝ። ቢስቅም የገዛ ሽርጡን ከሻንጣው አውጥቶ ጭኔ ላይ የጣለው እሱ ነው። «ያዢው፣ አዲስ ነው፣ ለሽያጭ ነበር» አለ። ስንወርድ ልመልስለት ብል እምቢ አለ። ዛሬም እኔ ዘንድ አለ።

መናኸሪያው ላይ ቤዛ ቆማ ነበር። ከስታለች። በቅቤ የራሰ ቀሚሴንና የወንድ ሽርጤን አየችና «እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለች። «ምንም» አልኳት። እሷም እኔን አየት አድርጋ «ልትወስጂኝ ነው አይደል የመጣሽው?» አለች። ሻንጣዬን ያዥልኝ አልኳት።

ሐሙስ

ቤዛ የምትኖረው መጋላ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ወይዘሮ ሰዓዳ ግቢ በተከራየቻት አንድ ክፍል ነው። ሰዓዳ ደጇ ላይ ሳምቡሳ የምትሸጥ ሶማሌ ናት። ልጇ ናኢማ ከቤዛ ጋር ፋብሪካው ውስጥ ጎን ለጎን ትሠራ ነበር፤ ሥራውንም አብረው ነው የተዉት። ናኢማ ትስላለች፣ ቤዛ ኮዱን ትጽፋለች። ናኢማ ገና ስታየኝ «ኤዶ» አለችኝ፤ በእነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። እናቷን «ሆዮ» ትላታለች።

ለምሳ ሰዓዳ ራሷ ጠራችኝ። ልቤ ፈራ። እስላሞች ቤት ሥጋ እንደማንበላ እናንተም ታውቃላችሁ፤ እንግዳ ሆኖ እምቢ ማለት ደግሞ ከባድ ነው። ያቀረበችው ግን በድንችና በካሮት የተሠራ ሩዝ ነው። ገና ሳልናገር «ሥጋ የለበትም። ድስቱም አዲስ ነው፣ ትናንት ነው የገዛሁት» አለችኝ። ከዚያ አንድ ሙዝ ልጣ ሩዙ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሩዝ በሙዝ! እኛ አገር ሙዝ ለበሽተኛ የሚወሰድ ነገር ነው። ይዤው ስጨነቅ «አብረሽ ነው የምትጎርሺው» አለች። አብሬ ጎረስኩ። ባልናገር ይሻል ነበር እንጂ፣ አሁን ቤቴም እንደዚያ ነው የምበላው።

ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛል። ሱቅ ይዘጋል፤ መንገዱ ላይ ፍየል ብቻ ይቀራል። እነ ቤዛ በዚህ ሰዓት ነው ጨዋታውን ያሳዩኝ። ስልክ ላይ የሚጫን አይደለም። ኢንተርኔት በሚከፈትበት በብራውዘር ውስጥ፣ አድራሻውን ነክቶ ብቻ የሚገባበት ነው። የትኛውም አገር ያለ ሰው፣ አሮጌ ስልክ ያለውም ቢሆን ይከፍተዋል። ፌስታልና ሃይላንድ ከመንገድ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ባሕር ይወርዳል። ባሕሩ ውስጥ አንዲት ትልቅ ኤሊ ትዋኛለች። እሷ የምትበላው ብርሃን የሚያሳልፍ ለስላሳ የባሕር እንስሳ አለ፤ ፌስታል ሲንሳፈፍ እሱን ይመስላታል። ተጫዋቹ በመረብ ቀድሞ መልቀም አለበት። ካልቀደመ ትውጠዋለች። ኤሊዋን ናኢማ ስትስላት ዓይኗን እንደ ሽማግሌ ሴት ዓይን አድርጋዋለች።

«ባሕር አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው።

ሁለቱም አላዩም። ያየችው ሰዓዳ ናት። በወጣትነቷ ለንግድ ጅቡቲ ትመላለስ ነበር።

«አንድ ቀን እግሬን ልታጠብ ገባሁ» አለች ሰዓዳ። «እዚህ ድረስ። የሆነ ነገር መጥቶ ባቴን ጥምጥም! ጮህኩ፣ አዞ ነው ብዬ። ሰዉ ተሰብስቦ ሲያወጣው ምን ሆነ? ፌስታል! እኔ ራሴ ሳምቡሳ የምሸጥበት ዓይነት ጥቁር ፌስታል። እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።»

«ሆዮ፣ አዞ ባሕር ውስጥ የለም እኮ» አለች ናኢማ።

«ያን ጊዜ ነበረ!»

ጨዋታው የተነሣው ከዚህች ወሬ ነው።

ዓርብ

የሚሠሩት ቤት ውስጥ አይደለም። ከዚራ በሚባለው፣ በዛፍ በተሸፈነው ሰፈር ያለ አንድ ማሰልጠኛ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ሰጥቷቸዋል። ሰኞ ዕለት ሁሉም ቡድን ሥራውን ለእንግዶች ያሳያል፤ ከጅቡቲ የሚመጡ ሁለት ሰዎችም አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ጠረጴዛውን ይዞ እንደሚቀጥል ይወሰናል። ያለ ጠረጴዛው ቤዛ ድሬዳዋ የምትቆይበት ምክንያት አይኖራትም። እኔም ይህን ስሰማ ልብ ብዬ ነው የሰማሁት።

ከመጋላ ወደ ከዚራ ለመሻገር ደቻቱን ማለፍ ግድ ነው። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ውሃ የለውም፤ ከእኛ ዋና መንገድ የሚሰፋ አሸዋ ነው። ዝናብ ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ሳይታሰብ ይሞላል። አሸዋው ላይ ሃይላንድ እንደ ጠጠር ተበትኗል። ናኢማ ይህን ነው በጨዋታው መጀመሪያ ላይ የሳለችው።

የማሰልጠኛው አስተባባሪ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ትሑት ልጅ ነው። ወንበር ሰጠኝ፤ «እናቴ» አለኝ። ከዚያ ቆሞ ለሁለቱ ልጆች፣ ሌሎቹ ቡድኖች እየሰሙ እንዲህ አላቸው፦

«ሦስተኛ ጊዜዬ ነው የምነግራችሁ። እኛ ባሕር የለንም። የሌለንን ነገር ስለማጽዳት ምን አስጨነቃችሁ? የትራፊክ አደጋ አለ፣ የእጅ መታጠብ አለ። ኤሊዋን አውጡና እሱን አድርጉት።»

«ኤሊዋን አውጥተን ምን እናስገባ፣ ባጃጅ?» አለች ናኢማ።

ሰዉ ሳቀ። አስተባባሪው አልሳቀም። «ደግሞስ፣» አለ፣ «ደቻቱ ባሕር አይገባም። ሽንሌ ሜዳ ላይ አሸዋ ውስጥ ሰምጦ ነው የሚቀረው። ማንንም የድሬ ልጅ ጠይቁ። እናንተ ግን ባሕር አስገብታችሁታል። ጅቡቲዎቹ ፊት ልታዋርዱን ነው?»

አሁን ሳቁ በእነሱ ላይ ሆነ። ቤዛ ናኢማን አየች። ናኢማ የድሬ ልጅ ሆና ሳለ ወንዙን ተከትላ ሄዳ አታውቅም። 

«እስከ ሰኞ ቀይሩት። አለዚያ አታቀርቡም፤ ጠረጴዛውንም ለሌላ ቡድን እሰጣለሁ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የሄድኩበት ጉዳይ ያለ ድካም ሊያልቅልኝ ነው። ደስ አላለኝም። ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት ሳለሁ አሰብን የሚፈልግ ሰው በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው። ባሕሩን አላየሁትም፤ ግን «አሰብ፣ አሰብ» ብዬ ስጠራ የሚመልስልኝ ሰው ነበር። ይህ ልጅ «ባሕር የለንም» ሲል ሸክም እንደወረደለት ሰው ነው የሚናገረው። እሱ ነው የከነከነኝ።

ቅዳሜ

ሰዓዳም አረጋገጠች፤ ደቻቱ ባሕር አይገባም። ናኢማ አኩርፋ ተኛች። ቤዛ ላፕቶፑን ከፍታ ተቀምጣለች። ሙቀቱ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። እኔ ውሃ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ አንገቴን እያበስኩ፣ እንደ ልማዴ ከአገሬ ጋር አስተያየሁት። የእኛ ወንዝ ቢያንስ ውሃ አለው አልኩ በልቤ። ከዚያ ጠየቅኳት፤

«በሬሳስ የት ነው የሚገባው?»

ቤዛ ቀና አለች። ካርታ ከፈተች። ደብረ ብርሃንን ፈልጋ አገኘችና ሰማያዊዋን መስመር በጣቷ ተከተለች። በሬሳ ጀማ ገባ። ጀማ ዓባይ ገባ። ዓባይ ወደ ምዕራብ ዞረ፤ ሱዳን ገባ፤ ግብፅ ገባ። ጣቷ የስክሪኑ ጫፍ ላይ ስትደርስ ባሕር ነው።

 ጌታቸው ቁርስ ቤቱን ሲዘጋ የቆሻሻው ጆንያ የት እንደሚደፋ ቤዛ ታውቃለች። እኔም ስንት ዓመት በሙሉ የቤቴን ፌስታል ቋጥሬ ከዚያው ድልድይ ላይ ወርውሬ፣ ውሃው ሲወስደው አይቼ ንጹሕ ሆንኩ ብዬ ተመልሻለሁ። አሸዋ የሚጠጣው ወንዝ ያላቸው የድሬ ሰዎች አይደሉም ባሕሩን ያቆሸሹት። እኛ ነን፣ ደገኞቹ። እናንተም የምታነቡት።

«ናኢማ!» አለች ቤዛ። «ተነሺ! ወንዝ አገኘሁ!»

«ተዪኝ አቦ» አለች ከውስጥ።

«ተነሺ እልሻለሁ፣ ድልድይ ትስይልኛለሽ!»

ያን ዕለት ከሰዓቱን በሙሉ ሲጠይቁኝ ዋሉ። ድልድዩ ስንት ምሰሶ አለው? ከለሩ ምንድን ነው? አጠገቡ ምን አለ? የጌታቸው ቤት ሸራ አረንጓዴ መሆኑን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ቤዛም ከለሩን አልረሳችውም።

እሑድ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። የነጠላው አለባበስ ያው የእኛው ነው፤ ሰዉ ግን በላብ ተጠምቆ ነው የሚያስቀድሰው። ስመለስ የባጃጁ ሹፌር «አንቺ ማዘር፣ ከየት ነሽ?» አለኝ። ከደብረ ብርሃን አልኩት። «በይ ቶሎ ተመለሺ፣ እዚህ ትቀልጫለሽ» አለ። ቀልጬ ነው የገባሁት አልኩት። በዚህ ጊዜ አንቺ መባሉን ለምጄዋለሁ።

ቤት ስገባ ልጆቹ ለጅቡቲ እንግዶች ብለው ቀደም ሲል ወደ እንግሊዝኛ ያስገለበጡትን ጽሑፍ ከፍተዋል፤ ኢንተርኔቱ ራሱ ነው የሚገለብጠው። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። እንግሊዝኛዬ የስልክ ቤት እንግሊዝኛ ነው፤ ቢሆንም ያልገባኝ ነገር ላይ አልፈርምም።

«ይህ ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ኤሊዋ ሳትበላው ሃይላንዱን ከባሕር ልቀሙ» አለች ናኢማ።

«ሃይላንድ ብሎ ነው እንዴ የጻፈው?»

«አዎ፤ እንግሊዝኛ አይደል?»

«እንግሊዝኛ ነው። ትርጉሙ ግን ጠርሙስ አይደለም። ደጋ ማለት ነው። ‹ኤሊዋ ሳትበላው ደጋውን ከባሕር ልቀሙ› ነው የሚለው።»

ከዚያ ናኢማ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች። «ኤዶ! እኛ ስንት ወር አንቺን ነው ከባሕር ስንለቅም የከረምነው!» አለች። ሰዓዳ ሳምቡሳዋን ጥላ መጣች፤ ሲነገራት እሷም ጮኻ ሳቀች። ሃይላንድ ጠርሙስ አለመሆኑን እሷም ያን ቀን ነው የሰማችው። እንግሊዝኛውን አስተባባሪው ቀደም ብሎ አይቶ «ጥሩ ነው» ብሎ አልፎታል አሉኝ።

እንግሊዝኛውን አስተካከሉት። አማርኛውን ግን ቤዛ አልነካችም። ይልቅ የጨዋታውን ስም ሰረዘችና «ሃይላንድ» ብላ ጻፈች። «አሁን ልክ ሆነ፤ ከደጋ ነው የሚወርደው» አለች።

ከዚያ ድምፅሽን ስጪን አሉኝ። ተጫዋቹ ሲሸነፍ የሚሰማ። የማውቀውን ነው ያልኩት፣ ሠላሳ ዓመት ስለው እንደነበረው፦ «መስመሩ ተቋርጧል። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።»

«ለምን አንቱ ትያቸዋለሽ?» አለች ናኢማ።

«በመስመሩ ላይ ያለው ማን እንደሆነ አይታወቅም» አልኳት።

ሰኞ

አዳራሹ ሞልቷል። አስተባባሪው ስም ከወረቀት እያነበበ ቡድኖቹን በየተራ ጠራ። የመጨረሻውን ጠርቶ ወረቀቱን አጠፈ። እነ ቤዛን አልጠራም። ቤዛ ላፕቶፑን አቅፋ እንደተቀመጠች ቀረች።

በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ስልክ ላይ ነው የኖርኩት። ተነሣሁና «አንድ ቀርቷል» አልኩ።

«እናቴ፣ እሱ አልጸደቀም...»

«አልጸደቀም እንጂ ቀርቷል። ሁለት ቀን ሲሠሩ አይቻለሁ።»

ከጅቡቲ ከመጡት አንደኛው፣ ወፍራሙ ሰው፣ በሶማልኛ የሆነ ነገር አለ። ናኢማ ብድግ ብላ በሶማልኛው መለሰችለት። እጁን ወደ መድረኩ ዘረጋ። አስተባባሪው ገለል ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ቤዛ ከፈተችው። ድልድያችን ግድግዳው ላይ ትልቅ ሆኖ ወጣ። ስለ ወንዙ ተናገረች፤ አጭር ነበር። አስተባባሪው መታገሥ አልቻለም፣ ከጎን ሆኖ «ደቻቱ ባሕር አይገባም ብያችሁ ነበር» አለ።

«አይገባም» አለች ቤዛ። «ልክ ነህ፣ ተሳስተን ነበር። ይህ ደቻቱ አይደለም። በሬሳ ነው። የመጣሁበት አገር ወንዝ ነው፤ እሱ ይገባል።»

«በመካከል ግድብ አለ እኮ! ግድቡ ይይዘዋል።»

«ይያዘው። ከያዘው ደግሞ በራሳችን ግድብ ውስጥ ነው የተኛው። ሦስተኛው ደረጃ እሱ ነው፤ ተጫወተው።»

ከኋላ የነበሩት አጨበጨቡ። ወፍራሙ ሰው ስልኩን አውጥቶ አድራሻውን ጠየቀና እዚያው ወንበሩ ላይ ከፈተው። ጥቂት ቆይቶ የእኔ ድምፅ ከእጁ ላይ «እንደገና ይሞክሩ» ሲል ተሰማ። ጓደኛው ትከሻውን መታው። ደግሞ ሞከረ።

ተረት ብጽፍ እዚህ ላይ ጠረጴዛው ተሰጣቸው እል ነበር። አልተሰጣቸውም። አስተባባሪው በትሕትና «ደንብ ደንብ ነው፣ እናቴ» አለኝ፤ ኮምፒውተሩን የዚያኑ ዕለት አስረከቡ።

ቤት ስንገባ ቤዛ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር አወጣች። ቀሚሶቿን አጣጥፋ ከተተች። «አባባ አሸነፈ» አለች። «ነገ አብሬሽ ልሂድ።»

የተላክሁበት ነገር በራሱ እግር መጥቶ ፊቴ ቆመ። ሁለት ትኬት መቁረጥ ብቻ ነበር የቀረኝ። ቤዛ እኔ ዘንድ ስታድግ ሂሳብ ያቃታት ጊዜ ደብተሯን ትዘጋ ነበር፤ እኔም ዝም ብዬ እከፍተው ነበር። ሻንጣውን ከፈትኩ። ቀሚሶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ምስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኳቸው። እሷ ቆማ ታያለች። ሦስተኛውን ስሰቅል ተቀመጠች። ስታለቅስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጨረስኩ።

ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ አይታለች። ሄደችና የሳምቡሳ ሊጥ የምትዳምጥበትን ሰፊ ጠረጴዛ ከናኢማ ጋር ተሸክማ አስገባች። ዱቄቱ ገና ከላዩ አልተጠረገም። «የእነሱ ጠረጴዛ እግር ቢኖረው ይህም አለው» አለች። «እኔ ጉልበቴ ላይ እዳምጣለሁ።»

ላፕቶፑ የናኢማ ነው፤ አሮጌ ነው፣ ግን ይሠራል።

ማክሰኞና ረቡዕ

መልሱ መንገድ ያው ነው። ሰዓዳ ሳምቡሳ፣ ምስር ብቻ የገባበትን፣ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ፌስታል አልሰጥሽም፤ ኤሊዋ ታይሻለች» አለች። ደንገጎን ስንወጣ ሹራቤን አንድ በአንድ መልሼ ለበስኩ። መተሐራ ላይ ሰዉ ሃይላንዱን በመስኮት ሲወረውር የእኔን ባዶ ሃይላንድ ጭኔ ላይ ይዤ ነበር። አጠገቤ ያለች ሴት «ለምን አትጥይውም?» አለች። «የእኔ ነው» አልኳት። አዲስ አበባ ያው አልጋ ቤት አደርኩ፤ አስተናጋጇ ውሃ ሞልታ መለሰችልኝ። ጠርሙሱ አሁን ቤቴ መስኮት ላይ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ወርጄ በቀጥታ ቁርስ ቤቱ ገባሁ። ጌታቸው በትከሻዬ አሻግሮ በሩን አየ።

«የታለች?»

«ድሬዳዋ።»

«ሁለት ትኬት ቁረጪ አላልኩሽም?»

«አንድ ቆረጥኩ።»

ደንበኞቹ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ፊቱ ቀላ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ስልኬን ፊት ለፊቱ አስቀመጥኩለት። «መጀመሪያ ይህን ተጫወት፤ ከዚያ ትቆጣለህ» አልኩት።

ድልድዩን ወዲያው ለየው። ከዚያ አረንጓዴውን ሸራ አየ፤ ከሸራው ሥር ጆንያ ሲገለበጥና ሃይላንዶቹ ወንዙ ውስጥ ሲወድቁ አየ።

«ይሄ የኔ ቤት ነው!»

«ስምህን አልጻፈችም። አንተው ነህ ያወቅከው።»

ወደ ጓሮው በር አንዴ አየ። ከዚያ በአውራ ጣቱ መረቡን መሳብ ጀመረ። ሁለት አመለጡት፣ ኤሊዋ ዋጠች። ከስልኩ ውስጥ የእኔ ድምፅ «መስመሩ ተቋርጧል። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አለው። በሕይወቴ አንቱ ብዬው አላውቅም። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም፣ እንደገና ሞከረ። ሻይ ያዘዘ ሰው ሻዩን ራሱ ቀዳ። መጀመሪያውን አለፈ፤ ሁለተኛውን አለፈ። ሦስተኛው ላይ፣ ግድቡ ጋ፣ አምስት ጊዜ ወደቀ።

«እትዬ» አለኝ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፤ «ይሄ እንዴት ነው የሚታለፈው?»

«እኔ እንጃ» አልኩት። «ሄደህ ጠይቃት።»